ዊንዶውስን ሳያጠፉ ሊኑክስ ሚንትን ጎን ለጎን መጫን፦ ከዝግጅት እስከ ማስወገድ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ገና ዓመታት ማገልገል የሚችሉ ብዙ ላፕቶፖች መሄጃ አጥተዋል። ለእነዚህ ሊኑክስ፣ እንደ ዊንዶውስ ማሽኑን የሚያስተዳድር ሌላ ሲስተም፣ ጥሩ መውጫ ነው። ይሁንና ዊንዶውስን ጨርሶ መሰናበት ለሁሉም አይሆንም። የሒሳብ ባለሙያው ፒችትሪ አለበት፣ መሐንዲሱ ያለ አውቶካድ አይሠራም፣ ቢሮ የሚጽፈው ሰው እጁ ከፓወር ግዕዝ ጋር ተላምዷል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ማሽን ላይ አስቀምጦ፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚፈልጉትን መምረጥ ይሻላል።

ለዚህ መመሪያ የመረጥኩት ሊኑክስ ሚንት 22ን ነው። ኡቡንቱ በሚባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት፣ በ24.04 እትሙ ላይ የተሠራ ሲሆን እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ የደህንነት ማሻሻያ ያገኛል። ኡቡንቱን ራሱን ለምን አልመረጥኩም? የሚንት ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ የኡቡንቱ ፋይል ግን የዚህ እጥፍ ይሆናል። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። በዚያ ላይ የሚንት ሜኑ እንደ ዊንዶውስ ከታች በግራ ጥግ ስለሆነ ለለማጅ አይከብድም። 4 ጊጋ ራምና ከዚያ በላይ ካላችሁ «ሲናመን» የሚባለውን ዓይነት አውርዱ፤ ማሽኑ ደካማ ከሆነ «ኤክስኤፍሲኢ» ቀለል ይላል።

ጭነቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ነገር የሚበላሸው ከዚያ በፊት ዊንዶውስ ውስጥ መሠራት የነበረበት ሳይሠራ ሲቀር ነው። ፍላሹን እስክንሰካ ድረስ ረጅም መንገድ የምንሄደው ለዚህ ነው፤ አትዝለሉት።

ፋይላችሁን ከማሽኑ አውጡ

«ፋይሌ ሁሉ ዲ ላይ ነው፣ ሲ ቢጠፋም ችግር የለም» የሚባል ነገር አለ። ሲ እና ዲ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሃርድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ጭነቱ ላይ ዲስኩን በሙሉ የሚያጠፋውን ምርጫ ከነካችሁ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ባክአፕ ማለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ሌላ ኮምፒውተር ወይም ክላውድ ነው። ከገለበጣችሁ በኋላ ኤክስተርናሉን ነቅላችሁ ሌላ ማሽን ላይ ሰክታችሁ ሁለት ሦስት ፋይል ክፈቱ። የማይከፈት ባክአፕ ባክአፕ አይደለም።

የቢትሎከር ቁልፍ

ቢትሎከር ዊንዶውስ ዲስኩን የሚመሰጥርበት መንገድ ነው። ብዙ ሰው ማሽኑ ላይ መኖሩን እንኳ አያውቅም። በተለይ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ምስጠራው ሳይጠየቅ በራሱ ሊበራ ይችላል። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» ብላችሁ ፈልጉ፤ በፕሮ እትም ላይ ከሆናችሁ «ማኔጅ ቢትሎከር» ብላችሁ ፈልጉ። ቢሮ የሰጣችሁ ላፕቶፕ ከሆነ ግን እዚህ ላይ ቁሙና መጀመሪያ የአይቲ ክፍሉን ጠይቁ።

ምስጠራው በርቶ ከሆነ፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ አንድ ነገር ስትቀይሩ ዊንዶውስ ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ይጠይቃችኋል። ቁልፉ የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ ገብታችሁ በወረቀት ጻፉት ወይም በስልክ ፎቶ አንሱት። ቁልፉ ከጠፋ ማንም ጠጋኝ ፋይሉን አያወጣላችሁም። ለዚህ ሥራ የሚቀለው ምስጠራውን ማጥፋት ነው። ዲስኩ ትልቅ ከሆነ ማጥፋቱ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ማታ ለቃችሁት እደሩ።

ፈጣን መነሻውን ማጥፋት

ዊንዶውስ «ሻት ዳውን» ሲባል በእርግጥ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። «ፋስት ስታርታፕ» የሚባለው ነገር የሲስተሙን ሁኔታ ዲስክ ላይ ጽፎ ያሸልባል እንጂ። ሊኑክስ እንዲህ ያለ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ያለ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ሲያገኝ ወይ ጽሑፍ እንዳይጻፍበት ዘግቶ ይከፍተዋል፣ ወይ ጭራሽ አልከፍትም ይላል። ደግሞም አደጋ አለው፤ ሁለቱም አንድ ፓርቲሽን ላይ በየፊናቸው ከጻፉ ፋይል ይበላሻል።

«ኮንትሮል ፓነል» ክፈቱ፤ «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ» የሚለውን ተጫኑ። የምልክት ሳጥኖቹ ደብዝዘው ካገኛችኋቸው ከላይ «ቼንጅ ሴቲንግስ ዛት አር ከረንትሊ አንአቬይለብል» የሚለውን ስትጫኑ ይከፈታሉ። ከ«ተርን ኦን ፋስት ስታርታፕ» ላይ ምልክቱን አንሡና «ሴቭ» በሉ። ትልልቅ የዊንዶውስ አፕዴቶች አንዳንዴ መልሰው ያበሩታል፤ አንድ ቀን የዊንዶውስ ፋይሎቻችሁን ከሚንት መቀየር ካቃታችሁ መጀመሪያ እዚህ ተመልከቱ።

ማሽኑ በምን ዓይነት ዘዴ ይነሳል?

የዊንዶውስ ፍለጋ ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብላችሁ ክፈቱና «ባዮስ ሞድ» የሚለውን መስመር አንብቡ። ዩኢኤፍአይ (አዲሱ ዘዴ) ወይም ሌጋሲ (የድሮው) ይላል። ያገኛችሁትን ጻፉ፤ ሚንትንም በዚያው ዘዴ ነው የምትጭኑት። አንዱ በዩኢኤፍአይ ሌላው በሌጋሲ ከተጫነ፣ በሚነሳበት ጊዜ የምርጫው ሜኑ ሌላኛውን ማስነሳት አይችልም። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዊንዶውስ 8 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ተጭነውባቸው የተሸጡ ማሽኖች በአብዛኛው ዩኢኤፍአይ ናቸው። ከዚህ በታች የምጽፈውም ለእነሱ ነው።

ቦታ መክፈት

ለሚንት 20 ጊጋባይት ዝቅተኛው ነው፤ እኔ ከ60 በታች አልመክርም። ፕሮግራም ስትጨምሩ፣ አፕዴት ሲከማች ይሞላል። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ላለው ሰው 60 ጊጋ ሚዛናዊ ነው።

የዊንዶውስን ፓርቲሽን በዊንዶውስ በራሱ መሣሪያ ቀንሱ፤ ለሚንት መጫኛ አትተዉት። «ስታርት» ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ዲስክ ማኔጅመንት» ክፈቱ። ሲ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ሽሪንክ ቮልዩም»። የሚጠይቃችሁ በሜጋባይት ነው፤ 60 ጊጋ ማለት 61440 ነው። ስትጨርሱ ጥቁር መስመር ያለው «አንአሎኬትድ» የሚል ቦታ ይታያል። እንዲሁ ተዉት። አዲስ ድራይቭ አትፍጠሩበት፣ ፎርማትም አታድርጉት። «ዳይናሚክ ዲስክ ይሁን?» የሚል ጥያቄ ከመጣ እንቢ በሉ፤ የሚንት መጫኛ ከዚያ ዓይነት ዲስክ ጋር አይስማማም።

100 ጊጋ ባዶ ቦታ እያላችሁ 8 ጊጋ ብቻ ሊሰጣችሁ ይችላል። ምክንያቱ የማይነቃነቁ ፋይሎች ፓርቲሽኑ መሐል መቀመጣቸው ነው። «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ ገብታችሁ «ሲስተም ፕሮቴክሽን»ን እና የፔጂንግ ፋይሉን (ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የሚጠቀምበትን የዲስክ ፋይል) ለጊዜው አጥፉ፣ ማሽኑን ሪስታርት አድርጉ፣ ቀንሱ፣ ከዚያ ሁለቱንም መልሳችሁ አብሩ።

ይህን ስትሠሩ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ይሁን፣ ባትሪውም ይሙላ። ዴስክቶፕ የያዘ ሰው ዩፒኤስ ከሌለው መብራት የማይቆራረጥበትን ሰዓት ይጠብቅ። ፓርቲሽን እየተቀነሰ መብራት መሄድ ከዚህ ሥራ ሁሉ ክፉው አጋጣሚ ነው።

ፍላሹን ማዘጋጀት

8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የአይኤስኦ ፋይሉን፣ ማለትም ሚንት በሙሉ የታሸገበትን የመጫኛ ፋይል፣ ከሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ አውርዱ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ የወረደ ፋይል ሙሉ መስሎ ጎዶሎ ሊሆን ስለሚችል አረጋግጡ። 7ዚፕ ካላችሁ ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ከሲአርሲ ሜኑ ውስጥ «ሻ 256» የሚለውን ምረጡ፤ የሚወጣው ረጅም ኮድ ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር መጀመሪያውም መጨረሻውም መግጠም አለበት። ካልገጠመ እንደገና ማውረድ ነው፤ ያስቆጫል፣ ግን ጭነት መሐል ላይ ከመቅረት ይሻላል።

ከዚያ «ሩፈስ» የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ክፈቱ፤ መጫን አያስፈልገውም። ፍላሹን ምረጡ፣ ፋይሉን ምረጡ፣ የፓርቲሽን ዓይነቱን «ጂፒቲ» አድርጉ። «ስታርት» ስትሉ በአይኤስኦ ወይስ በዲዲ ዘዴ ብሎ ቢጠይቅ የሚመክራችሁን አይኤስኦ ያዙ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስካችሁ ተሰክቶ ከሆነ ከዚህ በፊት ንቀሉት። ባክአፑን ያስቀመጡበትን ዲስክ ራሱን ፍላሽ መስሏቸው የሚያጠፉ ሰዎች አሉ።

ከፍላሹ መነሳት

ፍላሹን ሰክታችሁ ማሽኑን አጥፉና እንደገና ስታበሩ የቡት ሜኑውን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ምቱ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ 12 ነው፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9፤ አሱስ ላፕቶፕ ላይ ኢስኬፕ። ኤሰር ላይ ኤፍ 12 ቢሆንም መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ መፈቀድ ሊኖርበት ይችላል። ቁልፉ አልያዝ ካለ ሌላ መንገድ አለ፤ ዊንዶውስ ውስጥ ሺፍትን ይዛችሁ «ሪስታርት» በሉ፣ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ «ዩዝ ኤ ዲቫይስ» ብላችሁ ፍላሹን ምረጡ።

ሚንት ከፍላሹ ላይ ይነሳል፤ ዲስካችሁ ላይ ገና ምንም አልተጻፈም። ይህን ዕድል ተጠቀሙበት። ዋይፋዩ ይገናኛል? ድምፅ አለ? የስክሪኑ ብርሃን ይቀንሳል ይጨምራል? ዋይፋዩ እንቢ ካለ፣ በተለይ ብሮድኮም ካርድ ያላቸው ቆየት ያሉ ማሽኖች ላይ የተለመደ ስለሆነ አትደንግጡ፤ ስልካችሁን በገመድ አገናኝታችሁ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» አብሩ፣ ኢንተርኔት ያገኛል።

መጫን

ዴስክቶፑ ላይ ያለውን «ኢንስቶል ሊኑክስ ሚንት» ሁለቴ ክሊክ አድርጉ።

1. ቋንቋና ኪቦርድ ምረጡ። ኪቦርዱን እንግሊዝኛ አድርጉት፤ የይለፍ ቃል የምትጽፉት በእሱ ነው። አማርኛው በኋላ ይጨመራል።

2. «መልቲሚዲያ ኮዴክስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። «ሴኪዩር ቡት» (ማሽኑ ሲነሳ ያልታወቀ ማስነሻ እንዳይገባ የሚከለክለው ጥበቃ) በርቶ ከሆነ የይለፍ ቃል አውጡ ሊላችሁ ይችላል። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያስፈልግ ነው፣ ግን ጻፉት።

3. «ኢንስቶሌሽን ታይፕ» የሚለው ገጽ ሲመጣ እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሡና አንብቡ። «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለው ዊንዶውሱንም ፋይሉንም ጠራርጎ ያጠፋል። «ኢንስቶል አሎንግሳይድ» የሚለው በራሱ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። «ሰምቲንግ ኤልስ» ደግሞ ሁሉንም በእጃችሁ እንድትሠሩ ይተውላችኋል።

ቦታውን አስቀድመን ስለከፈትን «አሎንግሳይድ» ብዙ ጊዜ በደንብ ይሠራል። እኔ ግን ሦስተኛውን እመርጣለሁ፤ የት ምን እንደሚጻፍ በዓይን ስለሚታይ። ዝርዝሩ ውስጥ «ፍሪ ስፔስ» የሚለውንና መጠኑ ከከፈታችሁት ጋር የሚቀራረበውን መስመር ፈልጉ። ምረጡትና የመደመር ምልክቱን ተጫኑ፤ መጠኑን እንዳለ ተዉት፣ ዓይነቱን «ኢኤክስቲ 4» አድርጉ፣ «ማውንት ፖይንት» ላይ «/» ምረጡ። ለስዋፕ (ራም ሲሞላ ሊኑክስ ለሚጠቀምበት የዲስክ ቦታ) የተለየ ፓርቲሽን መክፈት ድሮ ቀረ፤ መጫኛው ራሱ ስዋፕ ፋይል ይፈጥራል።

እዚያው ዝርዝር ላይ ጥቂት መቶ ሜጋባይት የሆነ «ኢኤፍአይ» የሚል ትንሽ ፓርቲሽን ታያላችሁ። በአንድ ግቢ ያሉ ሁለት ቤቶች አንድ የግቢ በር እንደሚጋሩ፣ ዊንዶውስና ሚንትም ለመነሻ የሚጋሩት እሱን ነው። ፎርማት አታድርጉት፤ ፎርማት ከተደረገ ዊንዶውስ አይነሳም። «ኤንቲኤፍኤስ» የሚሉትን መስመሮችም አትንኩ።

4. «ኢንስቶል ናው» ስትሉ የሚቀየሩትን ፓርቲሽኖች ዘርዝሮ ያሳያችኋል። እናንተ ከፈጠራችሁት የኢኤክስቲ 4 ፓርቲሽን ውጪ ፎርማት የሚደረግ ካለ ወደኋላ ተመለሱ።

5. ካርታው ላይ አዲስ አበባን፣ ወይም ያላችሁበትን ከተማ ምረጡ፤ ስምና የይለፍ ቃል አስገቡ፤ ቡናችሁን ጠጡ።

ዲስኩ ጭራሽ ካልታየ፣ ወይም «አርኤስቲ»ን አጥፉ የሚል መልእክት ከመጣ፣ ማሽኑ ዲስኩን በኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ዘዴ እያስተዳደረ ነው። ባዮስ ውስጥ ወደ «ኤኤችሲአይ» መቀየር ያስፈልጋል። ዝም ብላችሁ ከቀየራችሁ ግን ዊንዶውስ አልነሳ ሊል ይችላል። አስቀድማችሁ ዊንዶውስ ውስጥ «ሲስተም ኮንፊግሬሽን» ክፈቱና «ቡት» የሚለው ስር «ሴፍ ቡት»ን አብሩ፤ ሪስታርት ሲያደርግ ባዮስ ገብታችሁ ቀይሩ፤ ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ሲነሳ ምልክቱን አንሥታችሁ እንደገና አስነሡ። ሴፍ ሞድ ውስጥ ፒን ላይሠራ ስለሚችል የአካውንቱን ሙሉ የይለፍ ቃል እወቁ።

መጀመሪያ ሲነሳ

ቅድም የሴኪዩር ቡት የይለፍ ቃል አውጥታችሁ ከነበረ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። ቁልፍ ካልነካችሁ በ10 ሰከንድ ስለሚያልፍ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁት። «ኢንሮል ኤምኦኬ»፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ»፣ ከዚያ የይለፍ ቃሉ፣ በመጨረሻም «ሪቡት»።

ቀጥሎ «ግራብ» የሚባለው የምርጫ ሜኑ ይታያል፤ ከላይ ሚንት፣ ወደ ታች ዊንዶውስ። ሚንትን ከማጣጣማችሁ በፊት ዊንዶውስን አስነሥታችሁ መሥራቱን እዩ።

ማሽኑ ሜኑውን ሳያሳይ በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ከገባ ምንም አልተበላሸም። ባዮስ ውስጥ የቡት ቅደም ተከተሉን ክፈቱና ከ«ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» በላይ «ኡቡንቱ» የሚለውን አስቀምጡ። አዎ፣ የጫናችሁት ሚንት ቢሆንም እዚያ ላይ የሚጻፈው ስም ኡቡንቱ ነው።

ሰዓትና አማርኛ

ከሚንት ወጥታችሁ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። የሀበሻና የፈረንጅ ሰዓት ጉዳይ አይደለም፤ ያ ልዩነት 6 ሰዓት ነው። ሚንት የማዘርቦርዱን ሰዓት በግሪንዊች ይይዛል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአካባቢ ሰዓት ነው ብሎ ያነባል፤ ኢትዮጵያ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ስለምትቀድም ልዩነቱ እሱ ነው። ኢንተርኔት ካለ ሁለቱም ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ካላስተካከለ ዊንዶውስ ውስጥ «ዴት ኤንድ ታይም» ገብታችሁ «ሲንክ ናው» በሉ። ፒችትሪ ላይ የምትሠሩ ከሆነ መመዝገብ ከመጀመራችሁ በፊት ሰዓቱን ማየት ልማድ ይሁን።

ለአማርኛ ጽሕፈት ሚንት ውስጥ «ኢንፑት ሜተድ» የሚለውን ከሜኑ ክፈቱና «አይበስ» የሚባለውን የጽሕፈት ፕሮግራም አስገቡ፤ ፕሮግራም ከሚጫንበት ከ«ሲናፕቲክ» ደግሞ የአይበስን «ኤም 17 ኤን» ጥቅል ጨምሩ። ወጥታችሁ ስትገቡ በአይበስ ምርጫዎች ውስጥ አማርኛ «ሴራ» የሚለውን ታገኛላችሁ። በድምፅ ነው የሚጻፈው፤ ኤስን ብቻ ብትመቱ «ስ»፣ ኢን ብታስከትሉ «ሰ» ይሆናል። ለፓወር ግዕዝ ሰው ጥቂት ፊደላት ቦታቸው ይለይበታል እንጂ አዲስ ነገር አይደለም።

ከዩኒኮድ (ሁሉም ማሽን ከሚጋራው የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ የድሮ ሰነዶች ግን ሚንት ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ይከፈታሉ። ፎንቱን ከዊንዶውስ ገልብጣችሁ ሚንት ላይ ካስገባችሁት ይነበባሉ። ማረም ካለባችሁ ያንን ሥራ ለዊንዶውስ ተዉት።

ዊንዶውስ አፕዴት ሲመጣ

አልፎ አልፎ ትልቅ አፕዴት ዊንዶውስን ከቡት ዝርዝሩ አናት ላይ መልሶ ያስቀምጠዋል፤ መፍትሔው ከላይ ያየነው ነው። ከበድ ያለው ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የደረሰው ነበር። የዚያን ቀን የወጣው የማይክሮሶፍት የደህንነት አፕዴት የቆዩ የሊኑክስ ማስነሻዎችን በሴኪዩር ቡት በኩል ስላገደ፣ ሁለት ሲስተም የጫኑ ብዙ ሰዎች «ኤስባት» የሚል ቃል ያለበት የስህተት መልእክት ተቀበላቸው። እንዲህ ያለ ሲገጥም ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፉ፣ ሚንትን አስነሥታችሁ በ«አፕዴት ማናጀር» ሙሉ በሙሉ አዘምኑ፣ ከዚያ መልሳችሁ አብሩት። የመጫኛ ፍላሹን አታጥፉት፤ ውስጡ «ቡት ሪፔር» የሚባል መሣሪያ ስላለ፣ ግራብ ጨርሶ ሲጠፋ ከፍላሹ ተነሥታችሁ የሚመክረውን ጥገና ብትቀበሉ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ሐሳባችሁን ብትቀይሩ

ሚንትን ማንሳት ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ይጠበቅ። መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር»ን አንደኛ አድርጉና ማሽኑ በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ መግባቱን አረጋግጡ። ከዚያ በኋላ ነው በዲስክ ማኔጅመንት የሚንትን ፓርቲሽን የምትሰርዙት፤ ዊንዶውስ ስለማያውቀው ስምም ፊደልም የለውም፣ በመጠኑ ትለዩታላችሁ። ሲ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ኤክስቴንድ ቮልዩም» ስትሉ ባዶ የሆነው ቦታ ይመለሳል፤ ይህ የሚሆነው ግን ባዶው ቦታ ከሲ ቀጥሎ ከሆነ ነው። ኢኤፍአይ የሚለውን ፓርቲሽን አሁንም አትንኩ። የቡት ዝርዝሩ ላይ «ኡቡንቱ» የሚለው ስም ሊቀር ይችላል፤ ጉዳት የለውም።